የዓሣ ክር የተወጠረበት ጊታር

ባለፈው ወር ከባንዱ ጋር ጋምቤላ ወርጄ ነበር። ሆቴሉ ውስጥ የድምፅ ሙከራችንን ጨርሰን፣ ሰው እስኪሰበሰብ ነፋስ ልቀበል ወጣሁና ከገበያው ወዲህ ያለ አንድ ብየዳ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በያጁ የጋለ ብረት በጉጠት ይዞ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ያለበት ጣሳ ውስጥ ነከረው። ቸስ አለና ጥቁር ጢስ ወጣ። ሌላ ሰው አፍንጫውን የሚይዝበት ሽታ ነው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ሳብኩት። ቤዝ የሚጫወተው ጓደኛችን ሊፈልገኝ ወጥቶ እንዲያ ሆኜ ቢያገኘኝ፣ ሙቀቱ ያዞረኝ መስሎት ውሃ ሊገዛልኝ ሮጠ።

ሙቀቱ አልነበረም። ያ ሽታ የአባቴ ነው። በተለይ ደግሞ የአንድ ዓመት ሽታ ነው፤ ወንድሜ ኦሞድ ማታር ወደምትባል ከተማ የሄደበት፣ እኔም አሥራ አንድ ዓመት የሞላኝ ዓመት።

አባቴ ኦባንግ በያጅ ነበር። ቀን ቀን ለከተማው ሰው በርና መስኮት፣ አልጋና የባጃጅ ወንበር እየበየደ እኛን ያበላል። ሲመሻሽ ደግሞ ቶም ይሠራል። ቶም የእኛ የአኙዋኮች የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ከእንጨት የተፈለፈለ ሳጥን አለው፤ በላዩ ጠፍጣፋ የብረት ምላሶች ይደረደሩበትና በሁለት አውራ ጣት እየተነካ ይጮሃል። አባቴ ምላሶቹን የሚያወጣው ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ነው። በእኛ ከተማ ፀሐዩም ዝናቡም ጃንጥላ ስለሚያስይዝ፣ የተሰበረ ጃንጥላ አይጠፋም። ሽቦውን ቀጥቅጦ ይጠፈጥፈዋል፣ ያግለዋል፣ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል፣ ከዚያ በጥፍሩ ነካ አድርጎ ጆሮውን ያስጠጋል። ፊቱ ካልተፈታ ብረቱ ተመልሶ እሳት ይገባል። ጎረቤቶቻችን የተሰበረ ጃንጥላቸውን ለሌላ ሰው አይሰጡም ነበር፤ “ለኦባንግ አስቀምጡት” ይባላል።

ቤታችን ውስጥ ሦስት ቶም ነበር። የአባቴ ትልቁ ነው፤ የትምህርት ቤት ቦርሳ ያክላል፣ ሲመታ በጆሮዬ ሳይሆን በሆዴ ነበር የሚሰማኝ። መካከለኛው የአጎቴ የኦኬሎ ነው። አጎቴ እኛ ጋ ይኖራል፣ አንድ ቢሮ በር ላይ ጥበቃ ነው፤ ቶሙም እንደ ራሱ ያንኑ ነገር ደጋግሞ እያለ የማይሰለቸው ነበር። ትንሹ የኦሞድ ነው። የኦሞድ ጣት በሁለቱ መሃል እንደ ግልገል ይዘላል፤ እሱ ሲገባ ነው ነገሩ ሁሉ የሚነቃው። እናቴ ትዘፍናለች። በቤተ ክርስቲያናችን የኳየር መሪ ስለነበረች ድምፅዋ ማይክ አይፈልግም ነበር። ማታ ማታ ከማንጎው ሥር በርጩማዎቹ በክብ ይቀመጣሉ፤ እኔ ከክቡ ውጪ ምንጣፍ ላይ ነኝ።

ከክቡ ውጪ የሆንኩበት ምክንያት ሴት ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። በእኛ ቤት አንድ ሕግ አለ፤ ቶም አይዋዋሱትም፣ የሌላ ሰው ዜማም አይነካም። አባቴ ቶም የሚሠራልህ የራስህን ስታመጣ ነው። ሦስቱ ሲጫወቱ አዳምጠህ፣ ማንም ያልያዘውን፣ ግን ከሁሉም ጋር የሚሄድ ነገር በአፍህ ታዜማለህ። ኦሞድ የራሱን ያመጣው ገና ጥርሱን ሳይነቅል ነው ይባላል። እኔ አፌን በከፈትኩ ቁጥር የሚወጣው የኦሞድ ነው። አባቴ አይቆጣም።

“ይሄ የኦሞድ ነው፣ አሪየት። ያንቺን አምጪ” ይለኛል።

የኔ የት እንዳለ ግን አይነግረኝም። ሰው ሁሉ ሲወለድ አንድ ድምፅ ተሰጥቶት የሚመጣ ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ስወለድ አዋላጇ የረሳችው መሰለኝ። እናቴን አንድ ቀን ይህንኑ ጠየቅኳት። አዋላጇ የረሳችው ነገር የለም፣ ድምፅሽንማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል ብላ ሳቀችብኝ።

ነሐሴ ላይ ባሮ ሞልቶ ጀልባ ማታር ድረስ መመላለስ ሲጀምር ኦሞድ ሄደ። እዚያ የሚነግድ ዘመዳችን መጋዘን ውስጥ ሥራ አግኝቶለት ነው። ቶሙን በሸሚዙ ጠቅልሎ ይዞ ጀልባው ላይ ሲወጣ አየሁት፤ አለቀስኩ፣ እሱ ደግሞ ምላሱን አወጣብኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንት አንድ ነገር ያሳስበኝ ነበር። ኦሞድ ድምፁን ይዞት ስለሄደ የማታር ሰዎች አሁን ሙዚቃ ተርፏቸዋል፣ እኛ ጎድሎብናል። ባሮ ደግሞ ወደ ማታር ነው የሚፈሰው። ድልድዩ ጋ ሄጄ ውሃው ላይ የኦሞድን ዜማ እዘፍን ነበር፣ ይደርሰዋል ብዬ። ከዚያ ውሃ ወደ ላይ እንደማይፈስ ትዝ አለኝ፤ እሱ ቢመልስልኝ እንኳ መልሱ አይመጣም። ይህን ለማንም ሳልናገር ብቻዬን ተጨነቅኩበት።

የጎደለውስ እውነት ጎድሏል። እሱ በሄደ ማግስት ማታ አባቴና አጎቴ ጀመሩ፤ የዜማው መሃል ላይ ሲደርሱ ግን አንድ እግሩ ያጠረ አልጋ ላይ እንደተኛ ሰው ሁለቱም ወደ አንድ ወገን አዘነበሉ። ሳቁ። በሌላው ማታ ያንኑ ሞከሩ፣ አልሳቁም። መስከረም ላይ ቶሞቹ ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፤ አጎቴም ማታ ማታ ዜና ማዳመጥ ጀመረ። ቤታችን እንዲህ ጸጥ ብሎ አይቼው አላውቅም ነበር።

ይህን ጊዜ ነው አክስቴ አዊሊ ከአቦቦ የመጣችው። የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ ታኅሣሥ ላይ ልታገባ ነው። አባቴ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ፣ ኦሞድ ስለሌለ ለሠርጉ ኪቦርድና ሞንታርቦ ብንከራይላት ይሻላል አላት። አክስቴ የያዘችውን የውሃ ጣሳ መሬት አስቀመጠች።

“ኪቦርድ ከሆነ የሚዘፍንልኝ፣ ባሉን ትቼ ኪቦርዱን ላግባው?”

አጎቴ ፊቱን አዞረ፣ እየሳቀ ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም። እናቷም አያቷም ሲዳሩ የቤቱ ሰው ነው የተጫወተላቸው፤ የሷ ሠርግ በሰው ሙዚቃ የሚያልፍ ከሆነ ወንድሟ ሠርጓ ላይ እንዳይመጣ ብላ ወደ አቦቦ ተመለሰች። አባቴ ያን ማታ እራት አልበላም። እኔም ምንጣፌ ላይ ሆኜ ወሰንኩ፤ የራሴን አምጥቼ ያን ባዶ በርጩማ እይዛለሁ። የራሴ ካልመጣ ደግሞ የኦሞድንም ቢሆን።

ጊታሩን ያመጣችው እናቴ ናት። ቤተ ክርስቲያኑ ኪቦርድ ከገዛ ወዲህ ዕቃ ቤት ተጥሎ የሸረሪት መኖሪያ የሆነ ጊታር ነበር። ሁለት ክር ብቻ ቀርቶታል። እናቴ ሽማግሌዎቹን አስፈቅዳ፣ እሁድ እሁድ ልጅቷ ለኳየሩ ትጫወታለች ብላ ቃል ገብታ ነው የወሰደችው። ልጅቷ ማለት እኔ ነኝ፤ ጊታር ነክቼ የማላውቅ። አባቴ መጀመሪያ ገልመጥ አድርጎ አለፈው። ከዚያ እንደ በር ገለበጠው፣ አንኳኳው፣ ውስጡን በባትሪ አየ። ዕቃ ተበላሽቶ ፊቱ ከተቀመጠ አባቴ እንደማይተኛ እናቴ ታውቃለች።

የጊታር ክር የሚሸጥ ሰው በከተማው አልነበረም። አባቴ ለወፍራሞቹ ክሮች የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ወጠረ። ሁለተኛውን ሲያጠብቅ ጊታሩ ቋ ብሎ ክሩ የታሰረበት እንጨት ተነስቶ አጎቴን ግንባሩ ላይ መታው። አባቴ ጊታሩን አንስቶ ብየዳ ቤቱ ወሰደው፤ እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው እንጨት እንደማይበየድ ያስታወሰው። በመጨረሻ ከጀርባው ጠፍጣፋ ብረት በቡሎን አስሮበት መጣ። ጊታሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕፃን ልጅ የመሸከም ያህል ይከብድ ነበር።

ሽቦው ስላልሆነ ወደ ጋሽ ሰይድ ሄድን። ጋሽ ሰይድ ከወሎ መጥቶ እኛ ሰፈር የከረመ ነጋዴ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ሳሙናም፣ ፔርሙስም፣ መረብና መንጠቆም አለ። አባቴ በዚያ አጭር አማርኛው የዓሣ ማጥመጃ ክር አምጣ አለው፣ ወፍራም፣ መካከለኛ፣ ቀጭን። ጋሽ ሰይድ የትኛውን ዓሣ ልትይዝ ነው ቢለው፣ አባቴ ዓሣ የለም፣ ዘፈን ነው አለ። ከዚያ የሱቁ በር ላይ የሆነውን አልረሳም። ጋሽ ሰይድ የክሩን አንድ ጫፍ ይዞ ባንኮኒው ጋ ቆመ፣ አባቴ ሌላውን ጫፍ ይዞ መንገድ ላይ ወጣ፣ እኔ መሃል ላይ ሆኜ በጣቴ እመታለሁ። አባቴ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሌላ ይቀየራል። ሳሙና ሊገዙ የመጡ ሴቶች ከክሩ ሥር ጎንበስ እያሉ ይገባሉ፤ ባጃጁን ያቆመ ሾፌር ሁሉ ሳይቀር ሃሳብ ይሰጣል።

“ኦባንግ፣ ሃያ ዓመት ክር ሸጥኩ፣ አንድም ቀን ድምፅ እንዳለው አላወቅኩም” አለ ጋሽ ሰይድ። በኋላ ደግሞ ደንበኛ ሲያጣ ብቻውን በር ላይ ክር ወጥሮ ሲመታ አይቼዋለሁ።

አባቴ ጊታሩን የቃኘው በትልቁ ቶም ነው። ሌላ የጊታር ቅኝት በዓለም ላይ መኖሩን እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይዤው ስሄድ ኪቦርድ የሚጫወተው ከደጋ የመጣ ወጣት ጊታሩን ነካ ነካ አድርጎ፣ ይቺ ጊታር ታማለች አለና በራሱ መንገድ ቃኛት። ሰኞ ማታ አባቴ ሲሰማት ጠጠር እንደነከሰ ሰው ጉንጩን ይዞ፣ ማነው ያሳመማት አለ። እንዲህ እየሆነ እሁድ ትድናለች፣ ሰኞ ትታመማለች፤ ወይም በተቃራኒው፣ እንደ ሰውየው። እኔም ሳላውቀው ሁለቱንም መቃኘት ለመድኩ። ቅዳሜ ማታ በኪቦርዱ፣ እሁድ ከሰዓት በቶሙ። የክሩ መጥበቂያ ጣቴን ያቆስለኝ ስለነበር ትምህርት ቤት እርሳስ መያዝ አቃተኝ ብዬ የቤት ሥራ ያመለጥኩበትም ቀን ነበር።

የዓሣ ክር ጠባይ አለው። ሲመታ ጡብ ይላል፣ ያልቃል። እንደ ቶሙ ብረት አይቆይም፣ አይዘምርም። እኔ ደግሞ የምሞክረው ያንኑ የኦሞድን የሚዘል ዜማ ነው። ኅዳርን ሙሉ ከማንጎው ሥር ታግዬ ጣቴ ሲታዘዝልኝ አባቴን ጠራሁትና ተጫወትኩለት። ጨርሼ ቀና ስል ትክ ብሎ እያየኝ ነው። በእኛ ቤት አባቴ ካየህ አልሆነም ማለት ነው፤ ሲሆን አያይህም፣ የራሱን እጅ ነው የሚያየው።

“ይሄም የኦሞድ ነው። ያውም ጉንፋን የያዘው ኦሞድ” አለኝ።

ሳልፈልግ ሳቅኩ። ከዚያ ግን እውነት አለቀስኩ፣ ታኅሣሥ ደርሷል፣ አክስቴ ትጠብቃለች፣ እኔ ባዶ ነኝ። አባቴ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ለእህቱ ሲል ሕጉን ለአንድ ቀን ፈታልኝ፤ በሠርጉ ዕለት ብቻ የኦሞድን ይዤ በርጩማው ላይ እቀመጣለሁ፣ ሠርጉ ሲያልቅ እነሳለሁ። ቶሞቹ ከግድግዳ ወረዱ። እናቴ ለእኔ ቀሚስ አሰፋች። ደስ አለኝ ልበል፤ ግን የተዋስኩት ደስታ እንደሆነ አውቅ ነበር።

አቦቦ የገባነው በአይሱዙ ጀርባ ነው፤ እኔ ጊታሩን ጭኔ ላይ፣ አባቴ ትልቁን ቶም ጭኑ ላይ አድርገን። የሙሽራዋ ዳስ በሸራና በሸንበቆ ተሠርቷል፤ የአገሩ ልጅም ሰፋሪውም ገበሬ መጥቷል፤ ከአቦቦ ግድብ የተያዘው ዓሣ በግማሽ በተቆረጠ በርሜል ላይ ይጠበሳል። አክስቴ ዶቃዋን ደርባ ደርድራ መሃል ተቀምጣለች። እኔን በኦሞድ ቦታ ስታይ ቅንድቧን አነሳች። ጀመርን። ደግ አልነበረም፣ መጥፎም አልነበረም። ሰው ያጨበጭባል፣ እናቴ ትዘፍናለች፣ እኔ እንዳልሳሳት ስጠነቀቅ ላብ ያጠምቀኛል።

ሁለተኛው ዘፈን መሃል ላይ ከበሩ በኩል ጩኸት ተነሳ። ቅንድቡ ድረስ አቧራ የለበሰ ሰው ሕዝቡን እየገፋ መጣ። ኦሞድ ነው። ማታር ላይ መኪና አግኝቶ ሌሊቱን በመንገድ አድሮ ነው የደረሰው። አክስቴ ከሙሽራ ወንበሯ ተነስታ እየሮጠች አቀፈችው፤ ነጩ ቀሚሷ በአቧራው ቡኒ ሆነ፣ ማንንም አልገደደውም። እኔም ሮጬ አንገቱ ላይ ተንጠለጠልኩ። ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወዲያው ደግሞ ገባኝ፤ በርጩማው የሱ ነው።

ተነሳሁለት። አንድ ሰው ከጎኑ ሌላ በርጩማ አስቀመጠልኝ። ኦሞድ ቶሙን ከሸሚዙ ፈታ፣ አንድ ጊዜ ነካው፣ ገባ። አቤት፣ ያ ነገር እንዴት ነቃ። ለአራት ወር ያዘነበለው ቤት ቀጥ አለ። እጄ ግን የለመደውን ዜማ ከሱ ጋር ቀጠለ፤ አንድ ቃል ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ እንደሚናገረው ሆነ። አባቴ አየኝ። እጄን ክሩ ላይ ጣልኩ፣ ዝም አልኩ።

ያን ዘፈን ሙሉውን ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ወራት ሙሉ የኦሞድን ዜማ ለማምጣት ስታገል ለካ የሌሎቹን ሰምቼው አላውቅም። አሁን የምጫወተው ስለሌለኝ ሁሉም ይሰማኝ ጀመር። አባቴ ታች ይመታል፣ አጎቴ ያንኑ ይላል፣ ኦሞድ ይዘላል። ኦሞድ ዘሎ መሬት ሳይነካ፣ የአባቴም አውራ ጣት ገና ሳይወርድ፣ ትንሽ ባዶ ቦታ አለች። ማንም አይነካትም። በሚቀጥለው ዘፈን ያቺ ቦታ ስትመጣ ሦስት ክር አንድ ላይ ነካሁ፤ ጡብ አለ፣ አለቀ። የዓሣ ክር ስለሆነ ከዚያ በላይ መቆየት አይችልም፤ መቆየትም አልነበረበትም። በሚቀጥለው ዙር ደገምኩት። ከዚያ አንዷን ዘለልኩና በሌላዋ መጣሁ። ኦሞድ ራሱን ወደ እኔ አዘነበለ፣ መሳቅ ጀመረ፤ ከዚያ እኔ የምገባበትን እየጠበቀ ይዘል ጀመር። ዳንሱ ተቀየረ፤ አሮጊቶች ሳይቀሩ ትከሻቸው እኔ ጋ ሲደርስ ንቅንቅ ይላል። አባቴን አየሁት። እሱ አላየኝም፤ እጁን ነው የሚያየው።

ዛሬ ሰዎች ይህ የምጫወተው ጃዝ እንደሆነ ነግረውኛል፣ እኔም አምኜ እኖርበታለሁ። የተማርኩበት ቦታ ብዙ ነው። ያን ቀን ግን ስለ ጃዝ የሚያውቅ ሰው አቦቦ ላይ አልነበረም፤ የነበረው ደስታ ብቻ ነው፣ እጄ እስኪደነዝዝ።

በማግስቱ ጠዋት የቤተሰብ ጨዋታ ነበር። ለአንድ ቀን የተፈታልኝ ሕግ ተመልሷል ብዬ፣ ማንም ሳይነግረኝ ጊታሩን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ከአቦቦ ልጆች ጋር ከዳሱ ጀርባ የተረፈ ዓሣ ልበላ ሄድኩ። ልቤ ቅር ብሎት ነበር፣ ዓሣው ግን ጥሩ ነበር። ከዳሱ ውስጥ አባቴ ሲጀምር ሰማሁ። አጎቴ ገባ፣ ኦሞድ ዘለለ፣ እናቴ ጀመረች። ከዚያ አቆሙ። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና አቆሙ። ኦሞድ አንድ ነገር ብሎ ሲስቅ ተሰማኝ። የአባቴ ድምፅ ከሸራው ማዶ መጣ፣ ሳይጮህ፣ ሥራ ላይ መሣሪያ እንደሚጠይቅ ሰው።

“ጎድሏል። አሪየት የት ሄደች? ጥሯት፣ ያለሷ አይሄድም።”

የያዝኩትን ዓሣ ለአጠገቤ ለነበረችው ልጅ ሰጠኋት፣ እጄን አዲሱ ቀሚሴ ላይ ጠረግኩት፣ እናቴ እንደምትቆጣኝ እያወቅኩ፣ ሮጥኩ።